ደረጃ የሌለው ቤት

አባቴ አሶሳ የመጣው ለዓይኑ ነበር። አንደኛው ዓይኑ ከጨለመ ቆይቷል፤ ሁለተኛውም ከጥላና ከብርሃን በቀር ምንም አይለይም። ታላቅ ወንድሜ ከፓዌ መንገድ ላይ እያደረ ይዞት መጣና እኛ ቤት አድርሶት ወደ ሥራው ተመለሰ። ያኔ የምንኖረው በኪራይ ነበር። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው፤ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሁለት ሴት ልጆች አሉን። ግቢው ውስጥ ከእኛ ሌላ ብዙ ተከራዮች ነበሩ። ሽንት ቤቱ የሁላችንም ነው፤ ከግቢው ጥግ፣ ከልብስ ማጠቢያው ባሻገር፣ በቆርቆሮ የታጠረ።

አባቴ በሰፈራው ዘመን ከወሎ ወደ ፓዌ ከመጡት አንዱ ነው። በጉልምስናው መጥቶ መሬት አቀና፣ እኛን አሳደገ፣ እናታችንን እዚያው ቀበረ። የወሎ አነጋገሩ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ሰው ይርዳኝ ማለት የሚከብደው ዓይነት ሰውም አይደለም። ጫማዬን ፈልጊልኝ፣ ምርኩዜን አቀብዪኝ ማለት አያስጨንቀውም። እንዲያውም አንዳንዴ ልጆቼን ያዛል፣ ይመርቃል፣ ይቀልዳል። ስለዚህ የሆነውን ነገር ቶሎ ሳላስተውል ቀረሁ።

ሳህን ሲቀርብለት ትንሽ ቀመስ አድርጎ "ጠገብኩ" ይላል። ሻይ ስሰጠው ፉት ብሎ ያስቀምጠዋል። ውሃ ሲሆን ደግሞ ብርጭቆውን ይቀበለኛል፤ ዞር ስል መስኮቱ ሥር ላለው አበባ ያፈሰዋል። ይህን ያወቅሁት በኋላ፣ ትንሿ ልጄ ስትነግረኝ ነው። ወሩ መጋቢት ነበር። የአሶሳን መጋቢት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ እየተንቋቋ ሰው ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚዞርበት ጊዜ ነው። እርጅና ነው፣ መንገዱም አድክሞታል፣ አገሩም ተለውጦበታል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

አንድ ቀን ከቀትር ሶላት በኋላ ከምንጣፉ ሲነሳ ወደቀ። ባለቤቴ ምሳ ሊበላ መጥቶ ስለነበር ደግፈን ባጃጅ ውስጥ አስገባነውና ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ የእጁን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ያዘችና ለቀቀችው፤ ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም።

"አባት፣ ውሃ ይጠጣሉ?" አለችው።

"እጠጣለሁ እንጂ፣ የኔ ልጅ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "እሰጠዋለሁ" አልኩ። ስናገር ለራሴም የተከሰሰ ሰው መሰልኩ። ግሉኮስ ተሰካለት። እኔ የታዘዘለትን ልገዛ ወጣሁ፤ ስመለስ አባቴ አንቀላፍቷል፣ ባለቤቴ ደግሞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ምን ሆንክ ብለው ምንም አለኝ።

የነገረኝ ቤት ከገባን በኋላ፣ አመሻሹ ላይ፣ ደጅ ዕቃ ሳጥብ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ ብሎ ነው።

"አባትሽ ውሃ የማይጠጣው ሽንት ቤት ላለመሄድ ነው።"

እጄ ሳፋው ውስጥ ቀረ።

"አንቺ እጁን ይዘሽ በተከራዮቹ መሀል ስትወስጂው፣ በር ላይ ቆመሽ ስትጠብቂው ያፍራል። ልጄ ናት፣ ሴት ልጅ ናት፣ በምን ዓይኔ አለኝ። እንዳትነግራት ብሎም ለምኖኛል።"

"ታዲያ ለምን ነገርከኝ?"

"እንዳይሞትብን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ እሱ ይወስደው ጀመር። ቀን ቀን ግን ቢሮ ነው። አባቴም ለእሱ ሰዓት እያመቻቸ፣ አሁንም እየቆጠበ መጠጣቱን ቀጠለ። እኔ የማውቀውን እንደማላውቅ ሆኜ ብርጭቆ አቀርባለሁ፤ እሱም የጠጣ መስሎ ይመልሳል። ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ እየተሸሸግን ከረምን። የዓይን ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረችው ጭላንጭል ግን በዓይን ጠብታ ልትቆይ እንደምትችል ነገረን። አባቴ ይህን እንደሰማ ወደ ቤቴ መልሱኝ አለ።

"አባዬ፣ እዚህ ምን ጎደለህ?" አልኩት።

"ምንም አልጎደለኝ። እዚያ ግን ገመድ አለኝ።"

ገመድ ያለው ወንድሜ ከቤቱ በር እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ በእንጨት ላይ የዘረጋለትን ነው። እጁን ገመዱ ላይ እያሳለፈ ማንንም ሳይጠራ ሄዶ ይመለሳል። ወንድሜ መጥቶ ወሰደው።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ንግዱ ወደ ማንቡክ ከተማ ስለሳበው ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። አባቴን አብረን እንሂድ ቢለው አሻፈረኝ አለ። ለእሱ ማንቡክም እንደ አሶሳ ነው፤ ገመድ የለውም። ጎረቤት እየጠየቀው፣ ምግብ እየወሰደለት ፓዌ ብቻውን ቀረ። ማታ ማታ እደውልለታለሁ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ካላነሳ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ፣ እባብ ነድፎት፣ ከመንገድ ስቶ ይታየኛል። ከዚያ ይደውልና "ሶላት ላይ ነበርኩ" ይለኛል። ትምህርት ቤት ስገባ በእንቅልፍ እጦት ፊቴ አብጦ ተማሪዎቼ እስኪጠይቁኝ ድረስ ደረስኩ።

በዚህ መሀል ነው በሠራተኞች ማኅበር የተመዘገብንበት ቦታ የወጣልን። ከከተማው ዳር፣ ማንጎና ቀርከሃ ያለበት ተዳፋት መሬት ነው። ያጠራቀምነው ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም ኪራይ ከመክፈል ወጥተን የራሳችንን መጀመር እንችላለን አልን። ኮሌጅ የሚያስተምር፣ ከሥራ ውጪ ለሰው ፕላን የሚነድፍ ወጣት ባለሙያ አገኘን። ረጋ ያለ ሰው ነው። ምን ዓይነት ቤት ትፈልጋላችሁ ብሎ ጠየቀን።

ባለቤቴ ሲጠብቀው የኖረ ጥያቄ ነበር። እሱ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፣ ከአሶሳ ብዙም ከማይርቅ መንደር። ዘመዱ ብዙ ነው። የታመመ፣ ገበያ የወጣ፣ ጉዳይ ያለው ሁሉ ከተማ ሲገባ እሱ ጋ ነው የሚያርፈው። በኪራይ ቤታችን ጠባብ ክፍል ውስጥ አጎቶቹ ጉልበታቸውን አጥፈው በር ላይ ሲቀመጡ ያፍራል። "ሰፊ ሳሎን" አለ ወዲያው። "እንግዳ በር ላይ የማይቀመጥበት።"

እኔ የራሴ ምኞት ነበረኝ፤ መስኮት ያለው ማብሰያ ክፍል። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ክፍል ለአባቴ አልኩ። ባለቤቴም "እሱማ አለ" አለ። ከልቡ ነበር።

ንድፉ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። የሚያምር ነበር። ሳሎኑ ከታች፣ ሰፊ ሆኖ፣ ትልልቅ መስኮት ያለው። ከሳሎኑ በደረጃ ወጣ ሲባል መኝታ ቤቶቹ፤ መታጠቢያ ቤቱ ከእኛ መኝታ ጋር የተያያዘ። የአባቴ ክፍል ከሳሎኑ ጎን ነው። ለእሱና ለእንግዳ የሚሆነው ሽንት ቤት ግን ውጪ፣ ከሰርቪስ ቤቱ ጋር።

"ደረጃው ለምንድን ነው?" አልኩት።

"ቦታው ተዳፋት ነው" አለ ባለሙያው። "ቤቱን ሁሉ በአንድ ወለል ካደረግነው ከታች በኩል የመሠረቱ ግንብ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ድንጋዩና የአፈር ሙሌቱ ብቻ ያላችሁን ይጨርሰዋል። በደረጃ ብንከፍለው ግን ይቀልላችኋል። ደግሞ ሳሎን ዝቅ ሲል ግርማ አለው።"

"ውስጥ ሁለት ሽንት ቤት ማድረግስ?"

"በዚህ አቅም አንድ ነው የሚቻለው።"

ባለሙያው ከሄደ በኋላ ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ጣቴን ከአባቴ ክፍል አንስቼ በሳሎኑ፣ በበረንዳው፣ በግቢው አድርጌ ሽንት ቤቱ ድረስ ወሰድኩት። ከኪራይ ቤታችን ይልቅ የራቀ ነበር።

"ይሄ ቤት አባዬን አያስገባውም" አልኩ።

"ገመድ እንዘረጋለታለን።"

"በእንግዶቹ መሀል?"

ወረቀቱን መጠቅለል ጀመረ። ከዚያ "አንድ ነገር ልመኝ አልችልም ማለት ነው?" አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እንዲያውም ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ የበለጠ የከነከነኝም ለዚያ ነው። እኔም አንተ ለዘመድህ ታስባለህ፣ እኔ ለአባቴ የሚል የማይገባ ቃል ወረወርኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ ሳናነሳ ሰነበትን። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

ነገሩን የፈታው ማንም ያላሰበው ነው። የባለቤቴ አክስት ታማ ሆስፒታል ተኛች፤ ዘመድ ሁሉ ሊጠይቃት መጥቶ እኛ ግቢ ሞላ። እናቱም መጡ። እኔ ክፍላችንን አስተካክዬ፣ ልጆቹን ጎረቤት ልኬ፣ ምንጣፍ አንጥፌ ጠበቅኩ። ሰዎቹ ጓዛቸውን ውስጥ አስቀመጡና አንድ በአንድ ወጥተው ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጡ። እዚያው በሉ፣ እዚያው ሰገዱ፣ እዚያው ሲያወሩ ዋሉ። ባለቤቴ የክፍላችን በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ያያል፤ ከዚያ ወደ ውጪ ያያል። ውስጥ ያለው የሰው ቦርሳ ብቻ ነው።

"እማ፣ ግቡ እንጂ" አላቸው እናቱን።

"ውስጥ ምን አለ? ሙቀት አለ" አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ከመሄዱ በፊት ወረቀቱን ከቁም ሳጥኑ አውርዶ ፊቴ ዘረጋው። "ሳሎኑን እናሳንሰው" አለኝ። "እኔ የምፈልገው ሳሎን አይደለም ለካ። ሰፊ በረንዳ ይሁንልኝ።"

ተነስቼ አንገቱን አቀፍኩት። የተናገርኩትን እርሳልኝ አልኩት። "የቱን?" አለኝ፤ የረሳ ለመምሰል።

በረንዳ ግን ብቻውን ተዳፋቱን አያስተካክለውም። እዚህ ላይ ሥራዬ ረዳኝ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የከፍታ መስመር ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ተራራ ላይ አግድም የሚሄድ ሰው አይወጣም፣ አይወርድም እላቸዋለሁ። ያን ሰሞን አንድ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ስስል ቤታችን ትዝ አለኝ። ንድፉ ቤቱን ከላይ ወደ ታች ነበር የዘረጋው። ለምን አግድም አይሆንም? ከትምህርት በኋላ ባለሙያው ጋ ሄድኩና ነገርኩት። እርሳሱን አነሳና "ጠባብና ረጅም ቤት ይሆናል" አለ። "ክፍሎቹ በአንድ መስመር። ኮሪደር አይኖርም፤ ሁሉም ወደ በረንዳው ይወጣል።" ትንሽ አሰበ። "ሙሌቱ በጣም ይቀንሳል። እንዲያውም በዚህ አንድ ወለል ይቻላል።"

አንድ ወለል ይቻላል የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ እየደወለች ወደ ቤት መጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ከየምኞታችን እየቆረጥን ሰጠን። እኔና ባለቤቴ ከመኝታችን ጋር የተያያዘውን መታጠቢያ ተውነው። ሰርቪስ ቤቱ ለሌላ ጊዜ ቀረ። ልጆቹ በአንድ ክፍል ተስማሙ። ሳሎኑ አንድ ሶፋና አንድ ጠረጴዛ የሚይዝ ሆነ። መታጠቢያና ሽንት ቤቱ ከአባቴ ክፍልና ከልጆቹ ክፍል መሀል ተቀመጠ፤ አንዱ በሩ በቀጥታ ወደ አባቴ ክፍል፣ ሌላው ለቀሪዎቻችን ወደ በረንዳው። አዲሱን ንድፍ ለአማቴ ሳሳያቸው ወረቀቱን አዟዙረው አዩት። አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት።

"አንተ ልጄ፣ ቂብላ የት ነው?" አሉኝ።

የምንሰግድበትን አቅጣጫ አሳየኋቸው።

"ሽንት ቤት ቂብላ አያይም። አዙረው።"

መቀመጫውን በእርሳስ አዞርነው። ያ ምንም አላስወጣንም።

ቀሪው አባቴን ማሳመን ነበር። በስልክ ቤት ልንሠራልህ ነው ብለው "ለልጆችሽ ሥሪ" ብሎ ስልኩን ለጎረቤት ይሰጠዋል። ስለዚህ ክፍሉን አላነሳሁም። "አባዬ፣ መሠረት ልናወጣ ነው። ሳይቆፈር መጥተህ ዱዓ አድርግልን" አልኩት። እውነትም ነበር፤ ያለ እሱ ዱዓ መጀመር አልፈልግም ነበር። ይህን እንቢ ማለት አልቻለም። ወንድሜ ከማንቡክ ሄዶ አመጣው።

አባቴ ከመምጣቱ በፊት ባለቤቴ ቦታው ላይ አንድ ሥራ ሠራ። ባለሙያው በችካልና በሲባጎ የቤቱን ቅርጽ መሬት ላይ አውጥቶልን ነበር። የአባቴ ክፍልና ሽንት ቤቱ ባሉበት በኩል ግን መሬቱን ደልድሎ ቀርከሃ አቆመ፤ በቀርከሃዎቹ ላይ በሰው ወገብ ልክ ገመድ ወጠረ። ገመዱ ግድግዳ ነው፤ ገመድ የሌለበት በር ነው። ለአልጋ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ፤ ለሽንት ቤቱ ደግሞ የፕላስቲክ ወንበር። ሲጨርስ የኔን ሻሽ ተቀብሎ ዓይኑን አሰረና ሞከረው። ከአንድ ቀርከሃ ጋር ሲጋጭ ልጆቹ እስኪንከተከቱ ሳቁ። ቀርከሃውን ነቅሎ በሩን አሰፋው።

አባቴ ጠዋት ደረሰ። እኔ እጁን ያዝኩና አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ፤ እጁ ገመዱን አግኝቶ ነበር።

"የክፍልህ ግድግዳ ነው። አሁን አልጋህ ላይ ነህ።"

ገመዱን በጣቱ እየዳሰሰ ቆየ። ከዚያ ተነሳ። እጄን ስዘረጋለት "ተይኝ" አለኝ። ወንድሜም ወደ ፊት ሊል ሲል ባለቤቴ ክንዱን ያዘው። አባቴ ገመዱን ተከትሎ ሄደ፤ ገመዱ ያለቀበት ቦታ ቆመ፤ ምርኩዙን ወደ ፊት ዘርግቶ መሬቱን ፈተሸ። ደልዳላ ነው። ገባ። ሌላውን ገመድ ያዘና ወንበሩ ጋ ደረሰ። በእጁ መደገፊያውን ዳሰሰው። እዚያ ቆሞ ቆየ። ጀርባውን ነው የማየው፤ ትከሻው ሲወርድ አየሁት።

ተመልሶ መጣና እንደገና ሄደ። በሁለተኛው ፈጠን አለ።

"ደረጃ አለው?" ሲል ጠየቀ፤ ማንን እንደሆነ ሳይለይ።

"የለውም" አለ ባለቤቴ። "ቤቱ ሁሉ አንድ ወለል ነው፣ አባባ።"

"ደፍስ?"

"በእርስዎ በር በኩል ደፍም አይኖረውም።"

"መቀርቀሪያ?"

"ከውስጥ ይኖረዋል።"

አባቴ አንገቱን ወደ ባለቤቴ ድምፅ አዞረ። "ነገርካት" አለው።

"ነገርኳት፣ አባባ።"

እኔ የሻሼን ጫፍ እጠቀልላለሁ። አባቴ ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋደመ።

"ደግ አደረግህ" አለው። ከዚያ ወደ እኔ፣ "ነይ ተቀመጪ" አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘኝ። መናገር ያለብን ነገር ሁሉ በገመዱ ተነግሮ አልቆ ነበር። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ለቤቱ፣ ለልጆቹ፣ ለባለቤቴ፣ ለዘመዶቹም። "ኢንሻአላህ ጣሪያ ሲለብስ አምጡኝ" አለ በመጨረሻ። ከእሱ አፍ እሺ የሚባለው እንዲህ ነው።

ግንባታው እንደ ዱዓው ቀላል አልሆነም። ዝናብ ሳይገባ መሠረቱን ማውጣት ነበረብን፤ ሲሚንቶ ሲገኝ አሸዋ ይጠፋል፤ አሸዋ ሲመጣ ግንበኛው ሌላ ሥራ ይይዛል። ከሁሉ የከፋው ግን ወለሉ ሊሾ የሆነ ዕለት ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ስደርስ ሽንት ቤቱ ከአባቴ ክፍል ከፍ ብሎ ጠበቀኝ፤ እግር የሚያደናቅፍ ከፍታ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት ግንበኛውን።

"ቱቦው እንዲያልፍ ነው፣ እትዬ። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው።"

"ይሄኛው እንዲህ አይደለም የሚሠራው። ተነጋግረናል።"

"ትንሽ ናት እኮ፣ ማንም አይሰማውም።"

ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩ። የዚያን ያህል ያዘንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሰው ሠራተኛ ፊት አያለቅስም፤ እኔ አለቀስኩ። ግንበኛው ደንግጦ ባለቤቴን ጠራው። ባለቤቴ ስለ አማቱ ዓይን ሲያስረዳው ሰውዬው ራሱን እከክ እከክ አደረገ። "ዓይነ ስውር ሰው ነው የሚገባበት? እኔኮ ፕላኑ ላይ ያለውን ለማሳመር የተጻፈ መስሎኝ ነው" አለ። ሲሚንቶው ሳይጠነክር አፈረሰው። ቱቦውን ከውጪ በኩል ዝቅ አድርጎ አዞረውና ወለሉን አስተካከለው። ለዚያ የባከነው ቁሳቁስ የኮርኒሱን ድርሻ በላብን። ኮርኒሱን ባለቤቴ ከመንደሩ ሰዎች ባስመጣው የቀርከሃ ምንጣፍ ሠራነው። አሁን ከሰው ቤት ኮርኒስ ጋር አልለውጠውም፤ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ሙቀት አጣርቶ ያስቀርልናል።

የገባነው ቤቱ ሳያልቅ ነው። የውጪው ግድግዳ አልተለሰነም፣ የልጆቹ ክፍል በር በመጋረጃ ነበር፣ መብራቱ ከጎረቤት የተሳበ። የአባቴ ክፍልና ሽንት ቤቱ ግን አልቀው ነበር። በሩ፣ መቀርቀሪያው፣ ለእጁ መያዣ የሚሆን ግድግዳው ላይ የታሰረ ብረት ሁሉ በቦታው ነበሩ። ወንድሜ አባቴን ከነጓዙ አመጣው። ጓዙ አንዲት ሻንጣ፣ ምንጣፍና ሬዲዮ ነው። ቀን ገብቶ ክፍሉን በእጁ ዞረ፤ ማታ በላ፣ ተኛ።

ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ይሰማል። አልጋው ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማሁ። ልነሳ ስል ባለቤቴ፣ እሱም ነቅቶ ኖሮ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ተኝቼ ቀረሁ። ምርኩዙ ግድግዳ ነካ፤ በር ተከፈተ፤ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። ከዚያ የውሃ ድምፅ። ለሶላቱ እየታጠበ፣ ውዱ እያደረገ ነው፤ ሳይቆጥብ፣ ረጅም ጊዜ። መቀርቀሪያው እንደገና ቀጭ አለና "አላሁ አክበር" የሚለው ድምፁ ከክፍሉ መጣ።

ሳላስበው እንቅልፍ መልሶ ወሰደኝ፤ ያን ቀን ትምህርት ቤት አርፍጄ ገባሁ።

ቤቱ አሁንም ጎዶሎው ብዙ ነው። ባለቤቴ በየደሞዙ የሚለሰነውን ግድግዳ ያሰላል። እኔ የማብሰያ ክፍሌን መስኮት አግኝቻለሁ፤ መደርደሪያው ግን ገና ነው። ክፍሎቹ በአንድ መስመር ስለተደረደሩ መምህራን ጓደኞቼ "የትምህርት ቤት ብሎክ ሠራሽ" እያሉ ያሾፉብኛል። እስማማለሁ፤ ይመስላል።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የባለቤቴ ዘመዶች መጥተው በረንዳው ሞልቶ ነበር። እናቱ ከአባቴ ጎን ተቀምጠው ያወራሉ። እሳቸው ቋንቋው ሲጠፋቸው የዓረብኛ ቃል ይወረውራሉ፤ አባቴ ያቺን ይቀልብና በወሎ አማርኛው ይመልሳል። በወሬያቸው መሀል አባቴ ተነስቶ በክፍሉ በር ገባ። እኔ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ተመልሶ ወጥቶ ሲቀመጥ ብቻ ነው መሄዱን ያስተዋልኩት። አማቴ ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ከእንግዶቹም ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። እኔም ቀጣዩን ወረቀት አነሳሁ።